ገና ቱሉ ዲምቱ

ሌሊት አስር ሰዓት፤ የሰፈሩ ውሻ እንኳ ጩኸቱን ሳይተው፣
ሦስቱን ልጆች ከነብርድ ልብሳቸው ከኋላ ወንበር ስንከታቸው፣
ለሊሴ ፖፖውን፣ ዳቦውን፣ በሃይላንድ የቀዳችውን ውሃ ስትሰገስግ፣
የጎረቤት መስኮት በራና አንድ አንገት አለ ሰገግ።
«ምነው? የታመመ አለ?»
«የለም ጋሽ ድንበሩ፣ ጅቡቲ ነው። ልጆቹ ባሕር ይዩ ብለን...»
«በመኪና? በዚች? ከነዚህ ጋር?» አለ።
መጋረጃውን መለሰው። አልታመምንም ማለታችንን ያላመነ መሰለ።

መንገዱንስ አውቀዋለሁ።
አስራ ስምንት ዓመት በተሳቢ ተመላልሼበታለሁ፤
ስንዴ፣ ብረት፣ ማዳበሪያ፣ አርባ ቶን ተሸክሜ፣
አዋሽ ላይ ጎማ ቀይሬ፣ ሚሌ ላይ በወባ ታምሜ፣
ጋላፊ ኬላ ከተሳቢው ሥር ሦስት ቀን ተጋድሜ።
የዛሬው ጭነት፣ ሦስቱም ሚዛን ላይ ቢወጡ፣ ሃምሳ ኪሎ አይሞላም፤
እጄ ግን ከመሪው ላይ አንዴም አይላላም።

ቃሊቲ ማሠልጠኛ ጋ፦ «አባ፣ ደረስን?»
ገና ነው።
አቃቂ ድልድይ፦ «አሁንስ?»
ገና ነው ልጄ፣ ገና ነው።
ሲፈንን ሽንቷ መጣባት። ቆምን። የወንዙ ሽታ አስነጠሳት፤
ወርዳ ቁጢጥ ስትል ጨለማው አሳፈራትና ሽንቷ ጠፋባት።
ሁለት መቶ ሜትር አልሄድንም፣ እንደገና መጣባት።
ናኦል የጠባውን ሁሉ በለሊሴ ትከሻ ላይ መለሰ።
አርባ ቶን ስንዴ እኮ ነው፣ አንድ ቀን ያላስመለሰ፣ ያላለቀሰ!

ያብስራ ነቅቷል። ከፊት የሚመጡትን ተሳቢዎች ይቆጥራል፤
አስራ ሰባት ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ትቶ ይጠይቃል።
«እነዚህ ከጅቡቲ ናቸው?»
«አዎ።»
«ባሕሩ ጋ ነበሩ?»
«አዎ፣ ከአጠገቡ።»
«ታዲያ ለምን እርጥብ አይደሉም?»

እኔም እኮ ደርቄ ነው የተመለስኩት፣ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ፤
ወረፋ፣ ማኅተም፣ ወረቀት፣ «ነገ ና» ነበር ውሉ።
ባሕሩን በአጥር ቀዳዳ፣ በክሬኖች እግር መሐል አየሁት፤
በሚቀጥለው ዙር እያልኩ፣ እግሬን ሳልነክር ተውኩት።
ይህን ለለሊሴ አልነገርኳትም። ለልጆቹ ነው አልኳት።

ቱሉ ዲምቱ፣ የፈጣን መንገዱ መግቢያ። መብራቱ እንደ ቀን ነው፤
ሲፈን ባነነች። «ድንበሩ ይሄ ነው?»
ገና ነው ሳልላት፣ ፓስፖርቷን ከእናቷ ቦርሳ መዝዛ
በመስኮት አወጣችው፣ ትንሿ እጇ በብርድ ደንዝዛ።
ካርድ የምትሰጠው ልጅ ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማለች፤
ተቀበለች። ገለጠች። ፎቶውን አየች፤ ፊቷን አየች፤
ደግማ ፎቶውን፤ እንደ ኬላ ሹም ኮስተር አለች።
ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን አንባረቀ።
«እለፊ» አለቻት፤
የሲፈን ትንፋሽ በኩራት አለቀ።

«ጅቡቲ ገባን!»
ለሊሴ ጉልበቴን ነካ አደረገች፤ ተዋት።
ስለዚህ ያላለቁት ፎቆች፣ ባሕር ዛፉ፣ ጤዛ ያዘለው የገላን ጤፍ፣
ሁሉም ጅቡቲ ሆነላት።
ከአጥሩ ማዶ አህያ ለሚነዳ ሰው እጇን አውለበለበች፤ አጸፋውን ሰጣት።
ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረን፣
እሷ ደርሳ ተኛች።

ጎሕ ሲቀድ ከማዶ አንድ ተሳቢ መጣ። በልማዴ መብራት ብልጭ አደረግሁለት፤
አላወቀኝም። እንዴት ይወቀኝ፣ በዚች ኮሮላ ውስጥ ተቀምጬለት?
ያብስራ ግን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ መስታወቱን መታው፦
«አባ! አየኸው? ጎኑ እርጥብ ነው! እርጥብ ነው!»
ሞጆ ላይ ታጥቦ ይሆናል። ሌሊት ዝናብ አግኝቶት ይሆናል።
«አየሁት» አልኩ።